ከእኔ በቀር ሁሉም ያወቀው ጉበቴ

ጥርስ ሲታመም ያስጮሃል፤ ጆሮም እንደዚያው። ጉበት ግን ዝም ብሎ ይሠራል፣ ዝም ብሎም ያልቃል። ይህን የተማርኩት ዘግይቼ ነው። ሌላው ሰው ቀድሞ ይወቀው ብዬ የደረሰብኝን እጽፋለሁ።

ሐኪም አይደለሁም። ወላጆቼ ከወሎ በሰፈራ ወደ ኢሉባቦር ሲመጡ ልጅ ነበርኩ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያነበብኩትን ያነበብኩት በራሴ ነው። ጎሬ ተቀምጬ ወፍጮና ጄኔሬተር እጠግናለሁ። ይህንንም ያስተማረኝ የለም፤ እየፈታሁና እየገጠምኩ ለመድኩት። ልጆቼንም ያሳደግኩት በዚሁ መንገድ ነው። ሰበብ አታብዛ፣ ያበላሸኸውን ራስህ አቃና፣ ስትጠየቅ ብቻ ተናገር። ቤቴ ጸጥ ያለ ቤት ነበር። ጸጥታውን እንደ መልካም አስተዳደግ እቆጥረው ነበር።

መጀመሪያ የመጣብኝ ድካም ነው። ድሮ በአንድ እጄ የምፈታውን ብሎን በሁለት እጄ ይዤ አረፍ ማለት ጀመርኩ። ምግብ ሲሸተኝ ያቅለሸልሸኛል። ከቀኝ ጎኔ፣ ከጎድን አጥንቴ ሥር፣ ሕመም ያልሆነ ግን የሚከብድ ነገር ተቀመጠ። ጎሬ ያለ አንድ ክሊኒክ ሄድኩና «ጨጓራ ነው» ተባልኩ። ቃሪያና ቡና ተውኩ፣ የሰጡኝን ክኒን ጨረስኩ፤ ለውጥ የለም። ሌላ ክሊኒክ ስሄድ ታይፎይድ ተባልኩ። በእኛ አካባቢ ሰውነቱ የደከመና ያተኮሰው ሰው ሁሉ አስቀድሞ ታይፎይድ ነው፤ ካልዳነ በኋላ ነው ሌላ ነገር የሚፈለግለት። መርፌውን ተወግቼ ጨረስኩ።

አንድ ቀን ጠዋት ባለቤቴ ዘምዘም ውሃ ስታስታጥበኝ ማንቆርቆሪያውን ይዛ ቆመች።

«የሐያት አባት፣ እስቲ ወደ በሩ ዞር ይበሉ።»

ዞርኩ።

«ዓይንዎ እንደ እርድ ሆኗል።»

ሐያት የመጀመሪያ ልጃችን ናት፤ መቱ ውስጥ መምህርት ነች። ጎረቤት እስኪሰማ ድረስ ብዙ አልቆየም። አማራው «የወፍ በሽታ» አለ፤ ኦሮሞው «ዱኩበ ሲምቢራ» አለ፤ ያው አንድ ነው። ወፍ በላይህ ስታልፍ ይይዝሃል ይባላል። ሁለቱም በአንድ ቃል የተስማሙበት ሌላ ነገር ደግሞ ነበር፦ የወፍ በሽታ የያዘው ሰው መርፌ ከተወጋ ይሞታል። «ያን ሁሉ መርፌ ተወግተህ መትረፍህ ተአምር ነው» አሉኝ። መጽሐፍ አነባለሁ የምለው ሰው ይህን አምኜ ሐኪም ቤት እርም አልኩ።

ከኖፓ ወዲያ ገጠር ውስጥ የሚኖሩ ኦቦ ገመዳ የሚባሉ የታወቁ መድኃኒት አዋቂ አሉ። ሄድኩ። ክንዴ ላይ የተቀጠቀጠ ቅጠል አሰሩልኝ። ሲፈታ ቆዳዬ እንደ ቃጠሎ አብጦ ነበር፤ ሲፈነዳ ቢጫ ውሃ ወጣ። በዓይኔ አየሁት። ቢጫነቱ ከሰውነቴ ወጥቶ ክንዴ ላይ ሲፈስ ያየሁ ሰው እንዴት ልጠራጠር? ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ዓይኔም ነጣ። ዳንኩ ብዬ ሥራ ገባሁ። ዛሬ የገባኝ ይህ ነው፤ ማንኛውም ቆዳ ተቃጥሎ ሲያብጥ የሚወጣው ውሃ ቢጫ ነው፣ የዓይን ቢጫነትም ብዙ ጊዜ በራሱ ይመጣል በራሱ ይሄዳል። በሽታው ግን ውስጥ ቁጭ ብሎ ነበር።

ከዓመት በላይ አለፈ። ከዚያ ሆዴ አደገ። እጄና ፊቴ እየከሳ ሆዴ ቀበቶ እምቢ አለ፤ ማታ ማታ እግሬ ያብጣል፣ በጣት ሲጫኑት ይሰረጉዳል። ሐያት ለእረፍት መጥታ አየችኝ። በማግስቱ በሚኒባስ ይዛኝ መቱ ወረደች። የመረመረኝ ሐኪም ሆዴን በጣቱ እየመታ አዳመጠና «አልትራሳውንድ ይነሱ» አለ።

አልትራሳውንድ ለእኔ የእርጉዝ ሴት ምርመራ ነበር። ተራ መጠበቂያው አግዳሚ ላይ እርጉዞች ተደርድረዋል፤ ወንድ እኔ ብቻ ነኝ። ኮቴን በሆዴ ላይ ስቤ ግድግዳ ግድግዳ እያየሁ ተቀመጥኩ። አጠገቤ ያለችው ወጣት ሴት ሆዴን አየች፣ የራሷንም አየች።

«ጋሼ፣ የእርስዎ ስንተኛ ወሩ ነው?»

አግዳሚው በሙሉ ሳቀ። ሐያት አንገቷን ደፋች። እኔ ተቆጥቼ ልነሳ ነበር፤ ግን ልጅቷ ስትስቅ ሆዷን በሁለት እጇ ደግፋ ስለነበር ቁጣው አልመጣልኝም።

«ገና አልታወቀም» አልኳት።

«እንግዲያው ከእኔ ይቅደሙ፤ የእኔስ ይታወቃል» ብላ ተራዋን ለቀቀችልኝ። የዚያችን ልጅ ስም አልጠየቅኩም። አላህ በሰላም አገላግሏት ይሆናል።

ገባሁ። ባለሙያው ቶለሳ የሚባል ዝምተኛ ጎልማሳ ነው። ምግብ ቀምሼ እንደሆነ ጠየቀኝ። ዘምዘም ያለ ቁርስ መንገደኛ አትሸኝም፤ በቅቤ የታሸ የገብስ ዱቄት፣ ጩኮ በልቼ ነበር፣ እንደዚያው ነገርኩት። ለሆድ አልትራሳውንድ ባዶ ሆድ ያስፈልጋል፤ ከተበላ ሐሞት ከረጢት ይጨማደዳል፣ አየርም ምስሉን ያበላሻል። «ነገ ጠዋት ሳይበሉ ይምጡ» ብሎ መለሰኝ። የምትሄዱ ሰዎች ይህን ያዙ። ሳይበሉ መሄድ ነው፤ በልተውም ከሆነ መዋሸት አይገባም፤ የሚታለለው መሣሪያው ሳይሆን ራሳችሁ ናችሁ።

በማግስቱ ሐያት ቤት አድሬ ተመለስኩ። ሆዴ ላይ ቀዝቃዛ ቅባት ቀብቶ መሣሪያውን ከቀኝ ጎድኔ ሥር አስጠግቶ ይገፋል፤ «አየር ይሳቡ፣ ይያዙ፣ ይልቀቁ» ይለኛል። ስክሪኑ ወደ እሱ ዞሯል። አንድ ቦታ ላይ እጁ ቆመ። ወደዚያው ቦታ ደጋግሞ ተመለሰ። ከዚያ ሆዴን በወረቀት ጠረገልኝ።

«ጨርሰናል አባት። ውጪ አረፍ ይበሉ፤ አስታማሚዎ ትግባ።»

ወጣሁ፤ ሐያት ገባች። ስትወጣ ፊቷን ታጥባ ነበር።

«ምን አለ?»

«ጉበትዎ ትንሽ ደክሟል አሉ። እረፍት ነው፣ ጨው መቀነስ ነው። ውሃውን የሚያሸና ክኒን አዘዋል። ደግሞ... ለማጣራት ያህል ጅማ ብንሄድ ጥሩ ነው አሉ።»

«ለድካም ጅማ አይኬድም» አልኳት። ነገሩ በዚያ አለቀ። እኔ ቤት አንድ ጊዜ የተናገርኩት ነገር ሁለተኛ አይነሳም።

ከዚያ በኋላ ቤቴ ውስጥ የሆነ ነገር ተለወጠ፤ ግን ስም ልሰጠው አልቻልኩም። ዘምዘም ከእኔ ጋር ጨው የሌለው ወጥ መብላት ጀመረች። ለብቻሽ ጨው አድርገሽ ብዪ ብላት «ለምጄዋለሁ» ትላለች። ልጆቹ ከየትምህርት ቤታቸው ያለ በዓል መጡ። ተጣልተን የቆየን ጎረቤቴ ሰላም ብሎኝ ገባ፣ ተቀምጦ ስለ ዝናቡ አወራኝና ሄደ። ይቅርታ የጠየቀ ይመስል ነበር። ሰው ተሻሻለ ብዬ ደስ አለኝ። ሰው የሚሻሻለው ለሚሞት ሰው መሆኑን አላሰብኩም።

ክኒኑ ሆዴን አጎደለልኝ። ሲያልቅ አልደገምኩትም፤ ደህና ነኝ ብዬ። ከጥቂት ወራት በኋላ ሆዴ ተመልሶ ሞላ። ሐያት ስለ ጅማ ዞር ዞር እያለች ታነሳለች፤ እኔ እቆርጣታለሁ። በመጨረሻ ለማንም ሳልናገር ሞተር ተሳፍሬ ኖፓ ወረድኩ፤ ከዚያ በእግሬ ወደ ኦቦ ገመዳ ሄድኩ። የሚጠጣ መድኃኒት እንዳላቸው ሰምቼ ነበር።

ሽማግሌው ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ነገርኳቸው። ሆዴን አዩት፤ እግሬን አዩት።

«ሂን ኬኑ» አሉ። «አልሰጥህም።»

«ለምን? የሚከፈለውን እከፍላለሁ።»

«የክፍያ ጉዳይ አይደለም። ለልጅህ ቃል ገብቼላታለሁ።»

«ለየትኛዋ ልጄ?»

ያን ጊዜ ደነገጡ።

«ለመምህርቷ ነዋ። ባለፈው ክረምት በጭቃ መጣች፤ እናቷም አብራ ነበረች። ከመጣ እንዳትሰጠው፣ ጉበቱ ላይ እብጠት ታይቷል፣ መራራ መድኃኒት ከጠጣ ይገድለዋል ብለው ለመኑኝ። አልነገሩህም?»

«አልነገሩኝም።»

«እኔስ ምን ልሁን» አሉ ኦቦ ገመዳ። «የሰው ቤት መርዶ አፌ ላይ ጣላችሁብኝ።»

ወደ ጎሬ ስመለስ ዝናብ ነበር። የተሰማኝ ፍርሃት አልነበረም፤ እሱ በኋላ ነው የመጣው። መጀመሪያ የተሰማኝ ውርደት ነው። ዘምዘም ታውቃለች፣ ልጆቹ ያውቃሉ፣ ጎረቤቱ ያውቃል፣ ከኖፓ ወዲያ ያሉ ሽማግሌ ያውቃሉ። ጉበቱ የእኔ ነው፤ የማላውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

ሐያትን ደውዬ ጠራኋት። መጣች። እናቷ በር ላይ ቆማ፣ እሷ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ጠየቅኋት።

«ቶለሳ ምን አለሽ?»

ነገረችኝ። ጉበቴ በጠባሳ መሞላቱን፣ ሆዴ ውስጥ ያለው ውሃ ከዚያ የመጣ መሆኑን፣ በቀኝ በኩል አንድ ክብ ጥላ መታየቱን፣ ካንሰር ሊሆን ስለሚችል በፍጥነት ጅማ ሄደን ማጣራት እንዳለብን።

«በፍጥነት አለሽ?»

«አዎ።»

«ስንት ወር ሆነው?»

በጣቷ መቁጠር ጀምራ ተወችው።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ማን ይንገርዎ አባ?» አለች። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ስትናገረኝ የመጀመሪያ ጊዜዋ ነው። «ብርጭቆ ሲሰበር እንኳ ማን ይንገራቸው ብለን እኮ ነው የምንማከረው። ይኼን ማን ይንገርዎ?»

ዘምዘም ከበሩ ላይ «በቃሽ» አለቻት። እኔ ግን አልተቆጣሁም። በአገራችን ለታማሚ ክፉ ወሬ አይነገርም፤ ልቡ ይሰበራል፣ በሽታው ይብስበታል ይባላል። ሐኪሙም ይህን ያውቃልና ታማሚውን አስወጥቶ ዘመዱን ይጠራል። የሚሠራው በደግነት ነው፤ ልጆቼም የሠሩት በደግነት ነው። ነገር ግን እውነቱን ከማያውቅ ሰው ጋር ስለ መንገዱ መመካከር አይቻልም። ለምን ጅማ እንደምሄድ ሳይነግሩኝ ጅማ ሊወስዱኝ ፈለጉ፤ እኔም እምቢ አልኩ። ያለፉት ወራት እዚያ ላይ ነው የጠፉት። እነሱ የፈሩት በሽታውን ብቻ እንዳልነበረም ደብቄ መጻፍ አልፈልግም። እኔንም ፈርተው ነበር።

በማግስቱ ሳልበላ መቱ ሄድኩ። ቶለሳ አስታወሰኝ።

«ዛሬ ስክሪኑን ወደ እኔ አዙረው» አልኩት። «ልጄም ትግባ፤ ግን የምትነግረው ለእኔ ነው።»

ትንሽ አሰበና አዞረው። የሚታየው እንደ ጭጋግ ነው። ምኑም አልገባኝም፤ እንዲያስረዳኝ ጠየቅኩት።

«መሣሪያው ድምፅ ይልካል፤ ጆሮ የማይሰማው ድምፅ። ሥጋ ሲያገኝ እየነጠረ ይመለሳል፤ የተመለሰውን ሥዕል ያደርገዋል።»

ያን ጊዜ ገባኝ። እኔ በርሜል ውስጥ ናፍጣ የት እንደደረሰ የማውቀው ክዳኑን ከፍቼ አይደለም፤ ጎኑን በጣቴ እያንኳኳሁ ወደ ታች እወርዳለሁ፣ ድምፁ የሚለወጥበት ቦታ ላይ ናፍጣው አለ። ይህን ስነግረው ቶለሳ ሳቀ፤ «እንደዚያው ነው፤ የእኔ በርሜል ግን ይተነፍሳል» አለኝ።

ከዚያ አንድ በአንድ አሳየኝ። ጤነኛ ጉበት ጠርዙ ለስላሳ ነው፣ ውስጡም አንድ ዓይነት ነው። የእኔ ጠርዙ ጎርበጥባጣ ነው፣ ውስጡም እንደ ሸካራ ዱቄት ተዘራርቷል፤ ይህ ማለት ቁስሉ እየዳነ ጠባሳ እየሆነ ቆይቷል ማለት ነው። ጥቁር ሆኖ የከበበው ውሃው ነው። ወደ ጉበት ደም የሚያስገባው ትልቁ የደም ሥር ሰፍቷል፣ ጣፊያዬም አብጧል፤ ደሙ በጠባሳው ውስጥ ማለፍ ሲያቅተው ወደ ኋላ ስለሚገፋ ነው። በመጨረሻ ክቡ ጥላ ላይ ደረሰ። ለካው።

«ይኼስ?»

«ይኼን አላውቀውም» አለ። «ጥላ መሆኑን እንጂ ስሙን መሣሪያው አይነግረኝም። ካንሰር ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል። አባት፣ እውነቱን ንገረኝ ካሉኝ እውነቱ ይኼው ነው። ካለፈው ጊዜ ግን አላደገም።»

«አላውቀውም» ያለኝን ሰው አከበርኩት። በዚያው ሳምንት በበደሌ በኩል ጅማ ሄድን።

ስለ ጅማ ብዙ አልጽፍም። መጠበቅ ነው። ከአግዳሚ ወደ አግዳሚ፣ ከመስኮት ወደ መስኮት። የጤና መድን ካርዳችን ብዙውን ሸፈነልን፤ ለቀረው አንድ ወይፈን ሸጥን። የደም ምርመራው የጉበት ቫይረስ እንዳለብኝ አሳየ፤ ቢ የሚባለው ዓይነት ነው፣ በደምና በስለት ይተላለፋል፣ ሰው ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይታወቅ ይኖራል። ወፍ የለችበትም። መርፌም አይገድለውም። ጥላው ምን እንደሆነ የሚለየው የራጅ ዓይነት ምርመራ ውጤት እስኪመጣ የጠበቅንባቸው ቀናት ግን ከሁሉ የከበዱ ነበሩ። እንቅልፍ አልነበረኝም። ሐያትም እንዳልተኛች አውቅ ነበር፤ ድሮ ቢሆን ሁለታችንም የተኛን እንመስል ነበር። አሁን «አባ፣ ፈሩ?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ፈርቻለሁ» አልኳት።

«እኔም» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ሁለታችንም ትንሽ ተኛን።

ውጤቱን ሐኪሟ ለሁለታችንም አንድ ላይ ነገረችን። ጥላው የደም ሥሮች ቋጠሮ ነው፤ ክፉ አይደለም፣ ምናልባት አብሮኝ የተወለደ ይሆናል። ደስታዬን ስታይ ግን ወዲያው እጇን አነሳች። ጠባሳው እውነተኛ ነው። ጠባሳ ባለበት ጉበት ላይ ካንሰር ወደፊት ሊነሳ ይችላል። ቫይረሱን የሚያስተኛ ክኒን በየቀኑ፣ ሳላቋርጥ፣ ምናልባትም ዕድሜ ልክ እውጣለሁ። በየስድስት ወሩ አልትራሳውንድ እነሳለሁ፤ ደህና ብሆንም፣ በተለይ ደህና ስሆን።

ክኒኑ ኤች አይ ቪ ላለባቸውም የሚሰጥ ነው። ከመድኃኒት ቤት ስወስድ ያየ ሰው የሚያወራውን አወራ። ይውራ። የማፍርበት ነገር ቢኖር መድኃኒቱን መተው ነው። ቤተሰቡም በሙሉ ተመረመረ። ዘምዘም ቫይረሱ ድሮ አግኝቷት በራሱ የለቀቃት ሆና ተገኘች፤ ልጆቹ ነጻ ስለሆኑ ክትባቱን ጀመሩ። በቤታችን ምላጭ አንድ ለብዙ መሆኑ ቀረ። ሆዴ ጎደለ፣ እግሬ ወደ ጫማው ተመለሰ፣ ቀስ በቀስም ወደ ወፍጮዬ ተመለስኩ። ድሮ የማነሳውን ሁሉ አላነሳም። የዳነ ሰው ነኝ አልልም፤ የታወቀ በሽታ ያለበት ሰው ነኝ። ልዩነቱ ትልቅ ነው።

እናንተ የታማሚ ልጆች፣ አባታችሁን ለመጠበቅ ብላችሁ አባታችሁን አታሳውሩት። እናንተም አባቶች፣ ልጆቻችሁ ክፉ ወሬ ይዘው ሲመጡ የሚቀመጡበት ቦታ ይኑራቸው። ቁጣችሁን የሚፈራ ልጅ ጥሩ ወሬ ብቻ ያመጣላችኋል፤ ጥሩ ወሬ ብቻ የሚሰማ ሰው ደግሞ ሞቱን የሚሰማው በመጨረሻ ነው።

ባለፈው ጊዜ ለቀጠሮዬ መቱ ስንሄድ ቶለሳ ተዛውሮ ነበር። በእሱ ቦታ አንዲት ወጣት ባለሙያ ተቀምጣለች። ሐያት እንደ ልማዷ ከመጋረጃው ወዲያ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ልጅቱ አየች፣ ለካች፣ እጇ አንድ ቦታ ላይ ቆመ፣ ደግማ ለካች። ከዚያ ሆዴን ጠርጋልኝ ስታበቃ በመጋረጃው ላይ አሻግራ ተናገረች።

«አባት ውጪ አረፍ ይበሉ። አስታማሚ፣ አንዴ ነይ።»

እኔ ሸሚዜን እየቆለፍኩ ነበር። ሐያት ግን ከወንበሯ ስትነሳ አልሰማሁም።

«ለእሳቸው ይንገሯቸው» አለች። «እኔ ከእሳቸው እሰማለሁ።»

ባለሙያዋ መጋረጃውን አየች፣ እኔን አየች። ከዚያ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችው። ውሃ እንደሌለ፣ ጥላው ባለበት እንዳለ፣ አዲስ ነገር እንዳላየች ነገረችኝ፤ ደግማ የለካችው እርግጠኛ ለመሆን እንደሆነም ነገረችኝ። ጣፊያዬ ግን አሁንም እንዳበጠ ነው።

ሐያት ውጪ አግዳሚው ላይ ሄዳ ተቀምጣ ነበር። አጠገቧ ተቀመጥኩና ጥሩውንም፣ ጣፊያውንም፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ ነገርኳት።